የሐርተሼክ ብር

የካቲት 3፣ ሰኞ፣ ጠዋት 2 ሰ.

እንደገና። ብርጭቆው ሚዛኑ ላይ፣ ውሃው እስከ ግማሽ፣ ሚዛኑ ዜሮ ላይ። የእናቴን የብር መስቀል በክር አስሬ ወደ ውሃው አወርዳለሁ። ታች እንዳይነካ፣ ብርጭቆውንም እንዳይጠጋ።  ቁጥሩ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይቆማል። የመስቀሉን ክብደት ለዚያ ቁጥር አካፍላለሁ። ዐሥር ተኩል አካባቢ ከመጣ ብሩ ብር ነው። ከዐሥር ትንሽ በለጥ ያለ መጣ። ደህና። እናቴ አልተታለለችም።

ሚዛኑ የዱቄት ሚዛን ነው። ዘዴውን ከስልክ ላይ ነው ያነበብኩት። ለምን እንደምለማመድ እስካሁን በግልጽ አልነገርኩህም፣ ደብተሬ፤ ባለፈው ሳምንት የጻፍኩልህ ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም ነበር። ነገሩ ይኸው። የአባታችን ግቢ የጓሮው ክፍል ተሸጧል። ግማሹ የእኔ፣ ግማሹ የእህቴ የአስቴር። ገንዘቡ ባንክ ተቀምጦ ሲሟሽሽ ማየት አልቻልንም። ወርቅና ብር ይገዛበት፣ እሱን እንካፈል ተባባልን። እዚህ ያለሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ገዢዋ እኔ ነኝ።

ብሩን ወደ ብር እለውጣለሁ ብዬ ጻፍኩና ሰረዝኩት። ዓረፍተ ነገሩ ራሱን ይበላል። ለወረቀቱም ለማዕድኑም አንድ ስም። ዕድሜዬን ሙሉ ስጽፍ ይህ አስቸግሮኝ አያውቅም ነበር። አሁን በየመስመሩ ያደናቅፈኛል።

አስቴር ትናንት በስልክ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠች። ግዢውን እንደፈለግሽ አድርጊ፤ ከተታለልሽ ግን ጠቅልለሽ ድሬዳዋ ትመጫለሽ፤ እዚያ ማን አለሽ፣ አለች። እሺ አልኩ። ለምን እሺ አልኩ? ከአፌ አመለጠ። ጓደኛዬ ኸድራ አለችኝ ማለት ነበረብኝ። አስቴር ከተማው ከታመሰበት ከዚያ ክረምት በኋላ ጂጂጋን ለቃ ወጣች፤ እኔ ቀረሁ። በዚያ ክረምት ሁለታችንም በኸድራ እናት ቤት፣ አንድ ምንጣፍ ላይ ነበር የተኛነው። አስቴር የምታስታውሰው ለምን መደበቅ እንዳስፈለገን ነው። እኔ የማስታውሰው ማን እንደደበቀን ነው። ከአንድ ክፍል ሁለት የተለያየ ነገር ይዘን ወጣን።

እና አሁን እሺ ብያለሁ። ቃል ነው።

የካቲት 6፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት

ኸድራ ሱቅ ዋልኩ። (ከአሁን ወዲያ ኸ. እላታለሁ፤ ስሟን ሙሉውን ስጽፍ የምከሳት ይመስለኛል።) ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ አብሮ አደግ። አሁን ገበያው ውስጥ መስታወቱ የሚያብረቀርቅ ወርቅ ቤት አላት፣ ሁለት ሠራተኞች አሏት፣ መነጽሯ ከእኔ ይወፍራል።

ትንንሾቹን የወርቅ ቁራጮች አወጣች። እንደ ሲም ካርድ በፕላስቲክ የታሸጉ፣ ካርዱ ላይ ክብደትና ቁጥር የተጻፈባቸው። አመሰግናለሁ ብዬ ቦርሳዬን ስከፍት እጄን መታችኝ። ቁጥሩን አመሳክሪ። ካርዱ ላይ ያለውና ወርቁ ላይ ያለው አንድ ነው? አንድ ነው አልኩ። ፕላስቲኩስ? ፕላስቲክም ወርቅም የሚያስመስል ሰው አለ፣ አለች። አንዱን በመቀስ ቀደደችው። መዘነችው። ጥቁሩ ድንጋይ ላይ አሸችው፤ ቀጭን ቢጫ መስመር ቀረ። አጠገቡ ንጽሕናው የታወቀ ወርቅ አሸች። ሁለቱ መስመሮች ላይ አሲድ ጠብ አደረገች። ጎን ለጎን ጠበቅናቸው። ሁለቱም አልደበዘዙም።

አፍሬ ነበር። ጓደኛዬን በጓደኛዬ ፊት እንደመፈተን። ፊቴን አየችው መሰለኝ፣ ክንዷን ድንጋዩ ላይ አሳረፈችልኝ።

«አባዮ፣ እህቴ፣ እኔም ልታሽልሽ? አሲዱ አለ።»

«ተይ እባክሽ።»

«እሺ ስሚ። እኔን ማመንሽ ጥሩ ነው። ለእኔ የሸጠልኝን ሰውዬ ግን አታውቂውም። እኔም እኮ ተታልዬ ልሸጥልሽ እችላለሁ። ከዚያ ሁለታችንም ጨዋ እንሆንና ወርቁ ብቻ ሌባ ይሆናል።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ብሰርቃት አታውቅም። ለጀመርኩት ልብ ወለድ።

የገንዘቡ ትልቁ ክፍል ወርቅ ሆነ። የቀረውን ወደ ብር። ኸ. የብር ጡብ አትይዝም፤ ቦታ ይበላል ትላለች። ሐርተሼክ ከተማ አደር ወርሰሜ የሚባሉ ዘመዷ ግን ይዘዋል። አደር አጎት እንደማለት ነው። አብራኝ እንዳትሄድ ነገ ወደ አይሻ ከተማ ትጓዛለች፤ ልጇ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ነው። እናቴ ግን ቅዳሜ ሐርተሼክ ዘመድ ልትጠይቅ ናት፣ አብረሻት ሂጂ፣ እሷ ያለችሽን አድርጊ፣ አለችኝ። ስደተኛው ሐርተሼክ በነበረበት ዘመን፣ ገበያው እንደዚያ በሞቀበት ጊዜ፣ እናቷ የሴቶች የብር አንባርና የአንገት ጌጥ ይነግዱ ነበር።

የእናቷ አማርኛ ሰላምታ ላይ ያልቃል። የእኔ ሱማልኛ ገበያ ላይ። ቀንሱ፣ ጨምሩ፣ ስንት ነው። እዚህ ተወልጄ፣ እዚህ ሸብቼ። መ/ቤት ሳለሁ ሁሉም ወረቀት በአማርኛ ስለነበረ፣ ከተማው የሚያወራው በአንድ ጆሮዬ ብቻ ነበር የሚገባው። ለዚህ ሰበብ የለኝም፤ ስንፍና ነው።

ግድ የለም። ኸ. እናቷን ሰጠችኝ። ከወርቁ ይልቅ ይህን ነው ዛሬ ይዤ የተመለስኩት።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ፣ አመሻሽ

ገዛሁ። ልብሴ አቧራ፣ ወገቤ የለም፣ ደስ ብሎኛል። በቅደም ተከተል ልጻፍልህ።

ሀቦ ሲራድን መናኸሪያ አገኘኋቸው። (የኸ. እናት። ሀቦ ነው የምላቸው፤ አክስቴ እንደማለት።) ሚኒባሱ ውስጥ የመስኮቱን ወንበር ለእኔ ተዉልኝ። አላወራንም። በምን ቋንቋ? አንዴ ብስኩት ሰጡኝ። አንዴ ግመሎች ሲያልፉ በጣታቸው አሳዩኝ፤ ግመል አይቼ እንደማላውቅ ሁሉ አደነቅሁላቸው። ሳቁብኝ።

አደር ወርሰሜ ጎልማሳ አይደሉም፣ ሽማግሌም አይደሉም፤ ጢማቸው ሂና የነካው። አማርኛ ይችላሉ፣ ግን እንደ ውድ ዕቃ ነው የሚያወጡት። ምንጣፍ ላይ አስቀመጡን፣ ሻይ በወተት መጣ፣ ስለ ዝናብ ተወራ። ከዚያ ሁለት ጡብ አመጡ። ሁለቱም የግማሽ ኪሎ። አንዱ ጠቁሯል፣ ጠርዙ የጭስ ቀለም ያለው። ሌላው ንጹሕ፣ ነጭ፣ ፊቴ ይታይበታል። ሁለቱም ላይ ማህተም አለ።

ሀቦ መጀመሪያ ጥቁሩን አነሱ። በአውራ ጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት፣ በጥፍራቸው ነኩት። ወደ እኔ ዞረው፣ ቀስ ብለው፣ «ዋ ቀሊን» አሉ። ዋ «ነው» ማለት ነው። ቀሊንንም አውቃለሁ፤ ከትምህርት ቤት ጀምሮ የማውቃት ቃል ናት፤ ብዕር። ብዕር ምን ያደርጋል? ቀለም ይቀባል። ገባኝ። ይሄኛው ቅብ ነው እያሉኝ ነው፤ ሻጩ ፊት ነውር እንዳይሆን በዘዴ።

ነጩን አነሱ። ብዙም አላዩትም። «ዋ ብር» አሉ።

ብር። በአማርኛ። ለእኔ ብለው ካሏቸው ጥቂት ቃላት አንዱን አወጡልኝ። ልቤ እንዴት እንደሞቀ ልነግርህ አልችልም። ነጩን ሳነሳ እጄን ያዙኝና እንደገና፣ ጠበቅ አድርገው፣ ብር፣ ብር አሉ። አዎ ሀቦ፣ ገብቶኛል፣ አልኩ። ቦርሳዬ ውስጥ ሚዛኑ አለ፣ ክሩ አለ። አላወጣሁትም። እሳቸው ከመሰከሩ በኋላ ብርጭቆ ውሃ አምጡልኝ ማለት ስድብ ነው።

«ይሄንን ነው የምትፈልጊው?» አሉ አደር ወርሰሜ።

«አዎ፣ ብሩን።»

ሀቦን አዩዋቸው። በሱማልኛ አንድ ነገር ጠየቁ። ሀቦ መዳፋቸውን ወደ ላይ ገለበጡ፤ የራሷ ጉዳይ ነው እንደማለት። ከዚያ ዋጋው ተነገረኝ፤ ከጠበቅሁት በእጅጉ ያነሰ። ለሀቦ ክብር እንደሆነ ገባኝ። ለመመለሻ መኪና ልፈልግ ስወጣ ሁለቱ ውስጥ ቀርተው ሲያወሩ ነበር።

ስንመለስ ሀቦ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው መጡ። ደክሟቸዋል። ሲወርዱ እጃቸውን ሳምኩ፤ ሳሙኝ፣ ግን በጥድፊያ።

ዛሬ አመሰግናለሁ የምለው ለአንዲት ቃል ነው።

የካቲት 10፣ ሰኞ

ጡቡ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ እንደ ወረቀት መጫኛ። ልብ ወለዱ ከሥሩ። ሦስት ገጽ ጻፍኩ። ከጥቅምት ወዲህ እንዲህ ሆኖልኝ አያውቅም።

ማግኔት አስጠጋሁለት። አልሳበውም። በረዶ አስቀመጥኩበት፤ ምጣድ ላይ እንዳለ ቅቤ ቀለጠ። ብር ሙቀት ያስተላልፋል፣ ይላል ያነበብኩት። በማንኪያ መታሁት፤ ደወል። ፈተና አልለውም፤ ማጫወት ነው። አዲስ ልጅ ሲወለድ ጣቱን እንደሚቆጥሩት።

ለሀቦ ሙዝና ብርቱካን ገዝቼ ሄድኩ። ተኝተዋል አለችኝ የጎረቤት ልጅ። በመስኮት ድምፃቸውን የሰማሁ መሰለኝ። መሰለኝ ብቻ ነው።

የካቲት 14፣ ዓርብ፣ ጠዋት 3 ሰ.



አስቴር ስትመጣ ላሳያት ብዬ ነው የጀመርኩት። የክሩን ዘዴ፣ ብርጭቆውን። እንዲህ ነው የሚለካው ልላት። ግማሽ ኪሎ ንጹሕ ብር ውሃው ውስጥ ሲንጠለጠል ሚዛኑ ከ48 በታች ማሳየት አለበት። 58 አለ።

ክሩን ቀየርኩ። 58። ትልቅ ሳህን አመጣሁ። 58፣ አንዴ 59። የእናቴን መስቀል መለስኩበት፤ መስቀሉ ልክ ነው። ሚዛኑ አልዋሸም። አካፈልኩ። ስምንት ተኩል። ስምንት ተኩል ብር አይደለም። ነሐስ ነው።

ሞረድ ከጎረቤት ተዋስኩ። ጠርዙን ፋቅኩ። ነጩ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳሳ፣ ከሥሩ ቢጫ ወጣ። ማግኔቱ ለምን እንዳልሳበው አሁን ገባኝ፤ ነሐስንም አይስብም። በረዶው ነሐስ ላይም ይቀልጣል። ደወሉም። ሁሉም እውነት ተናግረው ነበር፤ ብር ነው ያለኝ አንዳቸውም አልነበሩም። ብር ነው ያሉኝ ሀቦ ናቸው።

ዋጋው ለምን እንደቀነሰ። ሁለቱ ለምን ውስጥ ቀርተው እንዳወሩ። ሙዙን ይዤ ስሄድ ለምን እንደተኙ። ኸ. ለምን ልክ በዚያ ሳምንት አይሻ እንደሄደች።

ይህን የመጨረሻውን ስጽፍ ራሴን አየሁት። አልሰርዘውም። አስቤዋለሁ።

ደወልኩላት። መስመር የለም። አይሻ ኔትወርክ እንደማይረጋ አውቃለሁ። ዛሬ ግን የማውቀውን አላምንም።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

አስቴር ደወለች። በ22 እመጣለሁ አለች። ሁሉ ሰላም ነው ወይ? ሰላም ነው። ብሩስ? አለ። ሁለተኛው መልስ እውነት ነው፤ ነገሩ አለ።

ከሰዓት ሀቦን መንገድ ላይ አየኋቸው። ጋርባሳራቸውን ትከሻቸው ላይ እያስተካከሉ ከመስጊዱ በኩል ሲመጡ። አዩኝ። ቆሙ። እኔ ወደ ጫማ ሱቁ ገባሁ። ጫማ አላስፈለገኝም። ባለሱቁ ቁጥር ስንት አለኝ፣ ሠላሳ ስምንት አልኩ፣ አምጥቶ አስለካኝ፣ እኔ በመስታወቱ ሀቦ እስኪያልፉ እጠብቃለሁ። አላለፉም። ብዙ ቆሙ። ከዚያ አለፉ።

ድሬዳዋ እንዴት እንደምኖር አሰብኩ። የአስቴር ሳሎን፣ የአስቴር ቴሌቪዥን። ሙቀቱ። ማንም ልጅነቴን የማያውቅበት ቦታ።

የካቲት 18፣ ማክሰኞ፣ ከሰዓት

ኸ. መጣች። ሴት ልጅ ተወለደች አለች፣ በሩ ላይ ቆማ፣ እንደ ክስ። እንኳን ማርያም ማረቻት አልኩ፣ እኔም እንደ ክስ። አልተቀመጠችም።

«እናቴ ምን አድርጋሽ ነው? ያንን ሁሉ መንገድ ወስዳሽ፣ ፊት ለፊት እየነገረችሽ፣ እምቢ ብለሽ ቆሻሻውን ይዘሽ መጣሽ። መንገድ ላይ ደግሞ አይታሽ ዞርሽባት። ምን ይባላል ይሄ?»

ጡቡን አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፣ የተፋቀው ወደ እሷ።

«እናትሽ ብር ነው አሉኝ።»

«አዎ፣ ቢር ነው አለችሽ።»

«ሁለቴ። እጄን ይዘው።»

«ሁለቴ ነገረችሽ፣ አዎ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ቢር ነው እየተባልሽ ለምን ገዛሽው?»

ሁለት የተቆጡ ሴቶች፣ አንድ ዓረፍተ ነገር። እኔም አዎ እላለሁ፣ እሷም አዎ ትላለች፣ ጸባችን ግን እየባሰ ይሄዳል። መጀመሪያ ያቆመችው እሷ ናት። ወንበሩን ሳበች። ተቀመጠች።

«ሌላኛውን ምን አለችሽ? ጥቁሩን።»

«ቀሊን።»

«ቀሊን ምንድን ነው?»

«ብዕር። ብዕር ማለት ቀለም፣ ቀለም ማለት ቅብ።»

አፏን በመዳፏ ያዘች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የምታለቅስ መስሎኝ ተነሳሁ።

«ገነት፣ ቀሊን ብዕርም ነው፣ ብርም ነው። ያንቺ ብር። ቢር ደግሞ በእኛ ብረት ነው። እንዲሁ ብረት፣ ተራ ብረት። እናቴ ይሄ ብር፣ ያ ብረት አለችሽ። እጅሽን ይዛ ብረት፣ ብረት እያለችሽ ነው አዎ ገብቶኛል ያልሻት።»

ሳቀች። ጋርባሳሯ እስኪወድቅ ሳቀች። እኔ ወዲያው አልሳቅሁም።  ዕድሜዬን በቃል ነው የኖርኩት። ሻጩን ፈተንኩ፣ በማግኔት ፈተንኩ፣ በውሃ ፈተንኩ። ቃሉን አልፈተንኩትም፤ የራሴ መስሎኝ።

ከዚያ ሳቅሁ።

ከዚያ ነገርኳት። ጠርጥሬሽ ነበር፣ ዓርብ ዕለት፣ አይሻ የሄድሽውን ሳይቀር፣ አልኳት።  ከአይሻ ስመጣ መንገዱን ሁሉ እኔም ንቃናለች እያልኩ ነበር፣ አለች። አማርኛ የምትጽፍ፣ የአንዲት አሮጊት ቃል ምኗ ነው እያልኩ። እናቴም ስልክ ላይ ድምፅዋ ልክ አልነበረም፣ አለች።

ስለዚህ ተተካከልን። ሻይ አፈላሁ፤ ያለ ወተት፣ ጾማችን ትናንት ገብቷል። ልጅቷን ፎቶ አሳየችኝ። አያቷን ትመስላለች።

የካቲት 20፣ ሐሙስ፣ አመሻሽ

ሐርተሼክ ሦስት ሆነን ሄድን። ጠዋት ሀቦ ቤት ስገባ ምን እንደምላቸው ሳሰላስል ነበር ያደርኩት። አንዱንም አላልኩም። ኸ. ነግራቸዋለች። ጉንጬን ያዙና አንድ ነገር አሉ፤ ኸ. አልተረጉምም አለች። ስድብ ነው፣ ግን ጥሩ ስድብ ነው፣ አለች።

ጥቁሩ ጡብ ተሽጦ እንደሆነ መንገዱን ሁሉ ፈራሁ። አደር ወርሰሜ ገብተው በአሮጌ ሻሽ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ወጡ። እሱው ነው። ያን ቀን እኔ ውጪ መኪና ስፈልግ ሀቦ አትሽጠው፣ ልጅቷ ትመለሳለች ብለዋቸው ነበር። ውስጥ ቀርተው ያወሩት ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ከዋጃሌ ገዢ መጥቶ የለም ብለውታል።

እኔ የሴራ ሹክሹክታ ያደረግሁት ይህን ነው።

አደር ወርሰሜስ ምን አስበው ሸጡልኝ? በኸ. በኩል ጠየቅሁ፤ በራሳቸው አማርኛ መለሱ። ሲራድ ቢር ያሉትን አንቺ ብሩን ብለሽ ጠቆምሽ። ሴትየዋ ብረት ፈልጋ ይሆናል፣ አልኩ በልቤ። ሰው ለምን ብረት ትገዛለህ ተብሎ አይጠየቅም። ዋጋውም የጠረጠርኩት ዕቃ ዋጋ ነበር። ለእኔም ከሌላ ዕቃ ጋር ተደባልቆ ነው የመጣው። ይኸው ነው፣ አሉ። ከዚያ ጢማቸውን እየነካኩ፦

«ዛሬ በየትኛው ቋንቋ ነው የምትገዢው?»

«በውሃ» አለች ኸ.።

ሚዛኑን አወጣሁ። ማንም አልተሰደበም። አደር ወርሰሜ ራሳቸው ጣሳ ሙሉ ውሃ አመጡ፣ ጎንበስ ብለው ቁጥሩን ጠበቁ። ክሩን ሀቦ ያዙልኝ። 47 እና ትንሽ። ኸ. ጠርዙን በሞረድ ነካች፤ ከሥሩም ያው ነጭ። ከሱቋ ያመጣችውን አሲድ ጠብ አደረገችበት፤ የብር ነው አለች፣ ምልክቱ። ጥቁረቱን ጠየቅሁ። ብር አየር ሲያገኘው ይጠቁራል፣ ነሐስ ላይ የተቀባው ግን ገና ትናንት ታጥቦ የወጣ ይመስላል፣ አለች። ያማረው ላይ መሄዴ የእኔ ነው።

የዋጋውን ልዩነት ከፈልኩ። ነሐሱን መልሰው ወሰዱ፣ የሞረዱን ቦታ እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ለሀቦ ምን ልስጥ ብዬ ኸ.ን በጆሮዋ ጠየቅሁ። ምንም፣ አለች፤ አንድ ጊዜ እንኳ ሰላም ሳትያት ካለፍሽ ግን እኔ ነኝ የምጣላሽ።

ሀቦ መኪና ውስጥ ትከሻዬ ላይ ተኙ። ከባድ ናቸው። አልተንቀሳቀስኩም። ጂጂጋ እስክንደርስ እጄ ደነዘዘ፤ እንዲህ ያለ መደንዘዝ ይብዛልኝ።

የካቲት 23፣ እሑድ

አስቴር ትናንት ገባች። ረመዳንም ትናንት ገባ።

ሁሉንም ነገርኳት። መደበቅ ይቻል ነበር፤ ጥቁሩን ጡብ አስቀምጦ ይኸው ማለት ይበቃ ነበር። ግን ቃል ተቀብላኛለች። ከነሐሱ ጀምሬ፣ ጫማ ሱቁን ሳልዘል ነገርኳት። ጣልቃ ሳትገባ ሰማች። ስጨርስ ቦርሳዋን ከጭኗ አወረደች።

«ተታለልሽ ማለት ነው።»

«ማን አታለለኝ?»

አሰበች። አስቴር ስታስብ ከንፈሯን ትነክሳለች፣ ከልጅነቷ ጀምሮ። ወርሰሜ ልትል ነበር፤ አላለችም። አሮጊቷ ልትል ነበር፤ አላለችም።

«ራስሽ» አለች መጨረሻ ላይ።

«እሱ ከሆነ ድሬም ይከተለኛል።»

ሳታስበው ፈገግ አለች፣ ቶሎ መለሰችው።

ማታ ለማፍጠሪያ ሀቦ ቤት ተጠራን። አስቴር አልሄድም አለች፤ ከዚያ ነጠላዋን አነሳች። ያንን ቤት ከዚያ ክረምት ወዲህ አልረገጠችውም። በሩ ላይ ትንሽ ቆመች። ከውስጥ ኸ. ጫማሽን እዚያው፣ እንደድሮው፣ ብላ ጮኸች። አዛኑ ሲሰማ ሁላችንም ቴምር አነሳን፤ እነሱም ይበሉታል፣ እኛም በጾማችን እንበላዋለን። ለእኛ የምስር ሳምቡሳ በተለየ ዘይት ተጠብሶ በተለየ ሳህን ቀርቧል። ማን እንደነገራቸው ጠየቅሁ። ኸ. ዓይኗን አጉረጠረጠችብኝ፤ ስንት ዓመት ነው የምናውቃችሁ?

አስቴር ትንሽ በላች።  ስንነሳ ግን ኩባያዎቹን ሰብስባ ወደ ጓሮ ወሰደች፤ ማንም ሳያሳያት ባልዲው የት እንዳለ አወቀች። ውሃው ሲፈስ ብዙ ቆየ። ሀቦ ተከትለዋት ወጡ። በምን ቋንቋ እንደተነጋገሩ አላውቅም። አልጠየቅሁም፤ በዚህ ወር በቂ ተርጉሜያለሁ።

የካቲት 27፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት 10 ሰ.

አስቴር ድርሻዋን ይዛ ትናንት ሄደች። ጡቡ ኸ. ሱቅ ውስጥ፣ በሁላችንም ፊት፣ ለሁለት ተቆርጦ፣ ግማሹ ለእሷ ግማሹ ለእኔ። ሲቆረጥ የውስጡን ፊት አየነው፤ እስከ መሐሉ ነጭ። አስቴር ጣቷን አሳረፈችበት።

አሁን ደወለች። ድሬ እንደገባች እዚያ ላለ አንጥረኛ አስፈትሻዋለች፤ ልክ ነው ብሏታል። ሁለተኛ አንጥረኛ ዘንድም ሄዳለች። እሱም። ይህን ስትነግረኝ እንደ ይቅርታ አደረገችው፤ አልተቀየምኩም። ኸ. ብትሰማ አበጀሽ ትላታለች።

 መስመሩ ውስጥ የድሬ ባጃጆች ይሰማሉ። ስለ ቃሉ ታነሳለች ብዬ ጠበቅሁ። ተታልያለሁ አልተታለልኩም የሚለውን ልንከራከር ተዘጋጅቼ ነበር፣ ነጥብ በነጥብ፤ እንዲህ ያለ ዝግጅት ላይ ጎበዝ ነኝ። አላነሳችም። እኔ አነሳሁ። አልመጣም አስቴር፣ አልኩ። ኑሮዬ እዚህ ነው። ስናገረው ድምፄ ቀጥ ብሎ ወጣ፣ ራሴ ገረመኝ። ፍርሃቱ አልሄደም፤ ሌሊት በር ሲንኳኳ ዛሬም እነቃለሁ፣ ነገም እነቃ ይሆናል። ግን እዚህ ማን አለሽ ለሚለው መልስ አለኝ፣ ስሞቹን አንድ በአንድ አልኩላት፤ እሷም ታውቃቸዋለች።

ለፋሲካ ግን እመጣለሁ አልኳት። ለበዓሉ።

አልተከራከረችም። ዶሮውን እኔ እገዛለሁ አለች። ቅቤ ከዚያው ይዘሽ ነይ፣ የዚህ ቅቤ አይታመንም። እሺ አልኩ። ከዚያ፣ የሆነ ነገር ላይ ቀን ልትጽፍ እንደተዘጋጀች ሁሉ፣ ወደ ጂጂጋስ መቼ ትመለሻለሽ አለችኝ።

ማክሰኞ፣ አልኳት።